ሰባት ቤት በአንድ ስልክ

እስቲ ፍረዱኝ። ስልኩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ቻርጅ የምሰካለት እኔ ነኝ። ከኪሴ ሲወድቅ ክው ብዬ የማነሳው፣ በሸሚዜ ጫፍ የምጠርገው እኔው ነኝ። ታዲያ በየትኛው አገር ሕግ ነው ተነስቶ "አንተ ማነህ?" የሚለኝ? ያውም እኮ በጨዋ ደንብ! "ይቅርታ፣ ያስገቡት የይለፍ ቃል ትክክል አይደለም፤ እባክዎ ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ።" አይ እባክዎ! በአንቱታ እያከበረ ከገዛ ንብረቴ ያስወጣኛል። ቢሰድበኝ ግልግል ነበር፤ እኔም እሰድበውና አንድ ለአንድ እንሆናለን። አሁን ግን እሱ ጨዋ፣ እኔ ባለጌ ሆነን ቀረን።

ነገሩ የመጣው "ዝማኔ" ከሚሉት ጉድ ነው። ስንት ወር ሙሉ "አዲስ ዝማኔ አለ፤ አሁን ይጫን?" እያለ ጨቅጭቆኛል። ምሳ ስበላ ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ይጠይቃል። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ይነዝረኛል። እኔ ደግሞ "በኋላ" የምትለዋን ነካ አድርጌ እገላገለዋለሁ። ምኑ ነው የሚዘመነው? ይደወልበታል፣ ይደወልልኛል፤ ከዚህ በላይ ምን ዘመን አለ? ሐሙስ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ እጄ ገና ውሃ እያንጠባጠበ፣ እንደለመድኩት "በኋላ"ን ልነካ ስል አውራ ጣቴ ሸርተት አለችና "አሁን" ላይ አረፈች። በቃ፣ ጠቆረ።

መሐሉ ላይ አንዲት ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ቁርሴን በላሁ፤ ትዞራለች። ትምህርት ቤት ደረስኩ፤ ትዞራለች። አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ወጣሁ፤ አሁንም ትዞራለች። ሲበራ ሰዓቱ ከላይ ወደ ታች ወርዷል፣ ቀለሙ ተቀይሯል፣ ጭራሽ የማላውቀው አበባ ስክሪኑን ሞልቶታል። አውራ ጣቴን ሰጠሁት። "ስልኩ እንደገና ስለተነሳ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል" አለ።

የምን ይለፍ ቃል? እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ በጣቴ ነው የምከፍተው! ያኔ ስገዛው አንድ ነገር እንደጻፍኩ ትዝ ይለኛል፤ ምን እንደጻፍኩ ግን ድራሹ ጠፍቷል። ስሜን ሞከርኩ፤ ይቅርታ አለኝ። የእናቴን ስም ሞከርኩ፤ ይቅርታ አለኝ። የትምህርት ቤቱን፣ የታቦቱን፣ ያደግሁበትን ሰፈር ሞከርኩ። ይቅርታው በዛና እያንዳንዱ ይቅርታ የጥበቃ ሰዓት እየጨመረብኝ ሄደ።

"ታዲያ ምን ያንጨረጭርሃል? አጥፍተህ እንደ አዲስ አትጀምርም?" የምትሉኝ አላችሁ። አውቄያችኋለሁ። ቆዩኝ እንጂ፤ ስልኩ ውስጥ እኮ ትዳሬ ነበር።

ሰናይት ትባላለች። እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ለራስ ምታት ኪኒን ልገዛ ገብቼ፣ ኪኒኑን ረስቼ እሷን ይዤ ወጣሁ፤ ማለቴ ስልኳን። ሁለት ዓመት ተዋደድን። እኔ ደግሞ ዕድሜዬ ሄዷል፤ ተማሪዎቼ ወልደው ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ላይ "ቲቸር፣ አላገቡም?" ይሉኛል። ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ። ጎረቤቴ ጋሽ ሙሉነህ፣ ምላሳቸው ከሐሳባቸው የሚቀድም አዛውንት፣ እና የንስሐ አባቴ አባ ተክሌ ጉንደ ወይን ወርደው የሰናይትን አባት አቶ ስንሻውን ጠየቁልኝ። ሰውየው ገበሬ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ቃላቸው ጥቂት።

"ልጁን አልጠላነውም" አሉ አሉ። "ግን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን ለማንም አልሰጥም። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን፣ እሑድ፣ ዘራችሁን ይዛችሁ ኑ።"

በኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ በሁለቱም ወገን ወደ ላይ ይቆጠራል፤ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሰው ከተገኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በእናቴ በኩል ሥጋት አልነበረም፤ ጎንደር ናት፣ ሩቅ ናት። ችግሩ በአባቴ በኩል ነው። አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የአተር አበባ ቀለም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እንዴት እንደሚሄድ ሰሌዳ ሙሉ እሥላለሁ። የራሴን ዘር ግን ከቅድመ አያቴ በላይ ብትገድሉኝ አላውቅም።

የሚያውቁት የአባቴ ታላቅ እህት እማሆይ ብርሃኔ ናቸው፤ መርጡለ ማርያም አጠገብ ነው የሚኖሩት። ሽማግሌዎቹ መልሱን ይዘው እንደመጡ በማግሥቱ ሄድኩባቸው። "ላገባ ነው እማሆይ፤ ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ" አልኳቸው። እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

"የማን ልጅ ናት?" አሉኝ።

"ሠርጉ ላይ ያዩዋታል" አልኩ፤ መኪናው እንዳያመልጠኝ ተጣድፌያለሁ።

"እሺ፣ እኔ ስቆጥር አንተ ተከተለኝ፤ በቃልህ ትይዘዋለህ።"

"ምን በወጣኝ እማሆይ! ይኸው ይሄ ይቀዳልዎታል። አንዴ ከገባ አይጠፋም።"

ስልኩን መደቡ ላይ፣ አጠገባቸው አስቀምጬ ወጣሁ። ደጅ የባቄላ እሸት ነበር፤ እሱን እየፈለፈልኩ ቆየሁ። ስመለስ ጨርሰዋል። "ሰማኸው?" አሉኝ። "ስልኩ ሰምቶታል" ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። እሑድ ሲደርስ ስልኩን ለጋሽ ሙሉነህ ሰጥቼ፣ እሳቸው አቶ ስንሻው ፊት ከፍተው ሊያሰሙልኝ ነው ዕቅዱ። ሙሽራ ሊሆን የተጠየቀለት ሰው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው።

እንግዲህ ሐሙስ ነው፤ እሑድ ቀጠሮ ነው፤ ስልኩ ይቅርታ እያለ ነው። ደሜ እንዴት እንደሚፈላ አሁን ገባችሁ?

ያን ዕለት ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ለካ ተቆልፎም ይደወልበታል! ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ስም የለም፤ ስሙ ሁሉ ውስጥ ታስሯል። በንዴቴ ላይ የማላውቀው ቁጥር መጣብኝ።

"ማን ልበል?" አልኩ፣ ድምፄ አንድ ሰፈር እየቀሰቀሰ።

ዝም።

"ኧረ ማን ልበል? የማትናገር ከሆነ ለምን ትደውላለህ?"

"ማን ልበል?" አለች ሰናይት። "እኔን ነው ማን ልበል የምትለኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጥሬን አታውቀውም?"

ምን ልበላት? አላውቀውማ! የእሷን ቁጥር የሚያውቀው ስልኩ ነው። ላስረዳት ስል ዘጋችብኝ። መልሼ እንዳልደውል ስልኩ ይለፍ ቃል ይለኛል። መድኃኒት ቤቱ ድረስ በእግሬ እየሮጥኩ ሄጄ፣ ሰልፍ ይዤ፣ ተራዬ ሲደርስ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ "ለሳል ነው ወይ?" አሉኝ። ሰናይት ሳቋ አመለጣትና ታረቅን። ዘር ቆጠራው እንደተቆለፈ ግን አልነገርኳትም፤ እሷን ከማስጨነቅ ብዬ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤተሰቦቿ ዘንድ ትወርዳለች።

ዓርብ ወደ ሞባይል ጥገና ሄድኩ። ባለሱቁ ጎረምሳ አይደለም፤ ጢሙን ያሳደገ፣ ምናልባት ከእኔ በአምስት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። ታዲያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ምን ሆነብህ፣ ፋዘር?"

ፋዘር! ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ የላከ ሰው ፋዘር ይባላል? ጥርሴን ነክሼ ነገርኩት። አገላብጦ አየው።

"ቀላል ነው። ፎርማት እናደርገዋለን።"

"ውስጡ ያለውስ?"

"እሱማ ይጠፋል።"

እንዴት እንዳለው ብታዩት! ሻይ ላምጣልህ እንደሚል ሰው ነው "ይጠፋል" የሚለው። "አንተ ሰውዬ፣ ውስጡ ያለው ነው የምፈልገው፤ ቅርፊቱንማ ምን ላደርገው?" ብዬ ጮኽኩበት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ዞረው አዩኝ። እሱ ምንም አልመሰለውም። እንዲያውም ጨመረልኝ፤ "ብዙ ሞክረሃል መሰለኝ ፋዘር። ከእንግዲህ ከተሳሳትክ ራሱ ሁሉንም ያጠፋዋል። ቢበዛ አንዴ ነው የቀረህ" አለኝ።

አንዴ! በገዛ ስልኬ ላይ፣ በገዛ ትዳሬ ላይ አንዲት ዕድል! ዝማኔውን የሠራው ሰው የት አገር እንደሚኖር አላውቅም፤ ብቻ ያን ዕለት ጆሮው ሲያሳክከው መዋል አለበት። እኔ እንደረገምኩት እናቱም አልረገመችውም።

ከዚያ አባ ተክሌ ዘንድ ሮጥኩ። አባ የእማሆይን ደብር ቄስ ያውቃሉ፤ በራሳቸው ስልክ ደወሉልኝ። ያቺ ስልክ ቁጥሯን ተጭነው የሚደውሉባት፣ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረ፣ ማንንም ማነህ ብላ የማትጠይቅ ናት። አባ "እሺ... እሺ... ይባርክዎ" እያሉ አዳምጠው ዘጉ።

"እማሆይ ገዳም ወርደዋል" አሉኝ። "ሱባኤ ይዘዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት አይወጡም፤ ስልክ የሚባል ነገርም እዚያ አይገባም።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል አባ?"

"ጸልይ" አሉ። ቀጥለው ፊቴን አዩና "ቀድመህ ግን ተረጋጋ" አሉ።

ቀጠሮ ይራዘምልን ብንልስ? ጋሽ ሙሉነህ አይሆንም አሉ። "ዘሩን መቁጠር ያቃተው ሰው የሚደብቀው ነገር አለ ነው የሚባለው፤ በሽታ አለበት፣ ደም አለበት ይሉሃል። አንዴ ካራዘምን ልጅቷን እርሳት" አሉኝ። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችንም ሚኒባስ ተሳፈርን። እኔም ሄድኩ፤ ነውር ይሁን ምን ይሁን። እንደው መንገድ ላይ ይለፍ ቃሉ ትዝ ቢለኝ ብዬ ነው፤ ስልኩን ለብቻው ልኬ ምን ያደርጋል?

አምበርን ስናልፍ ጋሽ ሙሉነህ ጠጋ አሉኝ።

"ስማ፣ አራት ስም ጨምርበት።"

"የምን ስም?"

"የፈለግኸውን! ወልዴ በል፣ አየለ በል። የሞተ ሰው መጥቶ አልወለድኩም አይልህ። ማን ያውቅብሃል?"

ከፊት ወንበር የተቀመጡት አባ ተክሌ ጆሮአቸው ለካ እኛ ጋ ነው፤ ዞረው መስቀላቸውን እንደ ዱላ አነሱት። "አንተ ሽማግሌ! እኔ ባለሁበት? ሥጋ ከሥጋ ጋር ሳታውቅ አጋብተህ በየትኛው አፍህ ነው የምትቆርበው?" አሉ። ጋሽ ሙሉነህ "እኔ እንዲያው ለጨዋታ ነው" ብለው እስከ ቢቸና ድረስ በመስኮት ውጪ ውጪውን አዩ። እውነቴን ልንገራችሁ፣ እኔን ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ነበር። አባ ባይኖሩ አየለንም ወልዴንም አያት አደርጋቸው ነበር።

ጉንደ ወይን ስንደርስ እኔ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቀረሁ፤ እነሱ ገቡ። ብዙም ሳልቆይ ጋሽ ሙሉነህ ብቻቸውን ላብ በላብ ሆነው መጡ።

"ና ተነስ። 'ልጁ ከተማ ድረስ መጥቶ ሻይ ቤት ምን ይሠራል? ራሱ ይግባና በአፉ ይቁጠርልኝ' ብለዋል።"

"እንዴ! እኔ ነኝ የምገባው?"

"ማን ይግባልህ?"

ገባሁ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ የሰናይት አጎቶች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። እናቷ ጠላ ይቀዳሉ። ሰናይት በጓዳው በር በኩል አየችኝና ዓይኗን አፈጠጠች፤ "አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?" ማለቷ ነው። እጅ ነስቼ፣ አባ ተክሌ አጠገብ ኩርምት ብዬ፣ በጋቢዬ ጉልበቴን ሸፈንኩና ስልኩን ከሥሩ ደበቅሁት።

አቶ ስንሻው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "መጀመሪያ የኔን ስሙ" አሉ። "እኔ የሰናይት አባት ስንሻው፤ አባቴ ባየ፤ የባየ አባት ወርቅነህ፤ የወርቅነህ አባት ተሰማ..." እኔ የት ልስማ! ጋቢው ሥር ስልኩ በርቷል፤ "እባክዎ የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ" ይላል። አንዲት ዕድል። ጭንቅላቴን ብጨምቀው፣ ብጨምቀው አንድ ፊደል ጠብ አላለውም። "...የተሰማ አባት ገላው፤ የገላው አባት ፈንታ፤ የፈንታ አባት ውቤ። ሰባት ቤት!" አሉ። አጎቶቹ "እውነት ነው" አሉ። "በል ልጄ፣ አንተ ደግሞ ቀጥል።"

"አባቴ አዱኛ" አልኩ። "አያቴ ምሕረቱ። ቅድመ አያቴ ካሣ።"

"እሺ፣ የካሣ አባት?"

የካሣ አባት ጋቢዬ ሥር ናቸው፤ ተቆልፎባቸዋል። ሁሉም አፌን ያያል። ስልኩን አየሁት፤ አሁንም እባክዎ ይለኛል። በዚያች ሰዓት የሦስት ቀን ንዴቴ ሁሉ ገንፍሎ መጣና መቆጣጠር አቃተኝ።

"አንተ ደንቆሮ!" አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

አቶ ስንሻው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። አጎቶቹ ቀና ቀና አሉ። ጋሽ ሙሉነህ "ወይ ዛሬ!" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። አባ ተክሌ አማተቡ። እኔ ግን ማንንም አላየሁም፤ ምክንያቱም ትዝ አለኝ! ያኔ ስልኩን ስገዛ፣ ስሜን ብጽፍለት አጭር ነው አለ፣ ባስረዝምለት ቀላል ነው አለ፣ ብለውጥለት ቁጥር ጨምርበት አለ፤ አንገፈገፈኝና ስድቤን ጻፍኩለት። "ደንቆሮ" ብዬ ከኋላው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! እሱን ብቻ ጠንካራ ነው ብሎ ተቀበለኝ።

"ለእርስዎ አይደለም አባባ፣ ለስልኩ ነው!" አልኩና ከጋቢው አውጥቼ ጻፍኩት። ተከፈተ! የሦስት ቀን መልእክት ሁሉ በአንዴ መጮህ ጀመረ። "አገኘሁት! ይኸው የአክስቴ ድምፅ፤ ዘሬን በሙሉ ቆጥረዋል፤ ስሙልኝ!" ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼ ስልኩን መሐል ቤት ዘረጋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰናይት ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች፣ ትስቃለች።

የእማሆይ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። "አባትህ አዱኛ። የአዱኛ አባት ምሕረቱ። የምሕረቱ አባት ካሣ። የካሣ አባት እንግዳ። የእንግዳ አባት ዘለቀ።" እኔ በየስሙ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰዉን አያለሁ። "የዘለቀ አባት ፈንታ ውቤ።"

አቶ ስንሻው ቀስ ብለው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ስልኩን ልዘጋው እጄን ሰደድኩ፤ አባ ተክሌ እጄን ያዙኝ።

እማሆይ ቀጠሉ፦ "ፈንታ ውቤ ሁለት ቤት ያቆመ ሰው ነው። አንዱ ቤት እኛ ነን፤ አንዱ ጉንደ ወይን ነው ያለው። እንግዲህ ልጄ፣ ከየትም አምጣ፣ ከጉንደ ወይን በኩል ግን ሚስት እንዳታመጣ። ሰማኸኝ?"

ቀረጻው አላለቀም። ዶሮ ይሰማል። ከደጅ የባቄላ ቅርፊት ሲጣል ይሰማል።

"ሰማኸኝ ልጄ?" አሉ እማሆይ እንደገና።

አሁን ሰማሁ። ቤቱ በሙሉ ሰማ። ሰናይት በሩ ላይ አልነበረችም።

ልቤ እዚያው ተሰበረ፤ ምን እደብቃችኋለሁ? ሦስት ቀን ሙሉ አልከፍትም እያለ የለመነኝን ስልክ፣ እየተሳደብኩ፣ እየታገልኩ፣ በግድ አስከፍቼ በገዛ እጄ መሐል ቤት አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ምነው ያን ቀን ፎርማት ባደረገው ያ ፋዘር ባዩ!

አቶ ስንሻው ተነሡ። ሊያስወጡኝ ነው ብዬ እኔም ተነሣሁ። ሰውየው እቅፍ አድርገው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

"የፈንታ ዘር!" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ስንት ዘመን ጠፍታችሁብን!"

እናቷም መጡና ሳሙኝ፤ አጎቶቹ ተራ በተራ ሳሙኝ። ለአማች ሊቀርብ የነበረው ምግብ ለዘመድ ቀረበ፤ ከታሰበውም ይልቅ ብዙ ነበር። ሰናይት የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። እኔን አላየችም፤ እጄን እያየች አፈሰሰችልኝ፤ ውሃው ካለቀ በኋላም ማስታጠቢያውን ይዛ ትንሽ ቆየች።

አቶ ስንሻው የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጃቸው አጎረሱኝ። ሳላኝከው አፌ ውስጥ እንዳለ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

"እንግዲህ ለእሷ ወንድም ነህ" አሉ። "ቀጣዩ ጠያቂ ሲመጣ የኛን ዘር የምታሰማልን አንተ ነህ። ስልክህን ብቻ እንዳትዘጋው።"